አዳማና ናዝሬት፤ የአንዲት ከተማ የሁለት ስሞች ታሪክ

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የተቈረቈረችው ከተማ በመንግሥት ደብዳቤ ራስጌ፣ በማኅተምና በመንገድ ምልክት ላይ አዳማ ተብላ ትጻፋለች፤ በአውቶቡስ ተራ ግን ረዳቱ ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ መንገደኛ ሲጣራ «ናዝሬት! ናዝሬት! አንድ ሰው!» ሲል ይሰማል። መንገደኛውም ተሳፍሮ ከተቀመጠ በኋላ ስልኩን አንሥቶ ለቤተ ሰቡ «አዳማ እየገባሁ ነው» ቢል፣ ከአጠገቡ ያለው ሰው ነገሩን እንደ እንግዳ ነገር አይቈጥረውም። በወረቀትና በአንደበት፣ በወጣትና በሽማግሌ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰው በአንዱ ንግግር ውስጥ ሁለቱ ስሞች ጐን ለጐን ይኖራሉ።

ስለ እነዚህ ሁለት ስሞች የሚከራከሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «እውነተኛው የትኛው ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስም እንዴት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያወጣውና ለምን እንደሚያወጣው ሳይመረምሩ መፍረድ፣ የምስክሩን ቃል ሳይሰሙ ችሎት እንደ መዝጋት ነው። ስለዚህ በዚህች አጭር ሐተታ አስቀድመን የስሞቹን ሥር፣ ቀጥለንም ስሞቹ የተሰጡበትን ዘመንና በዚያ ዘመን በምድሪቱ ላይ የደረሰውን ለውጥ እንመለከታለን።

አዳማ የሚለው ስም ከኦሮሞ ቋንቋ የተገኘ ነው። በዚያ ቋንቋ ሐዳሚ ወይም አዳሚ የሚባለው ተክል እኛ በአማርኛ ቁልቋል የምንለው ሲሆን፣ ዝናም ባጠረበትና ድንጋይ በበዛበት ምድር ላይ ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የሚቆም፣ ሲቈረጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ፣ ፈሳሹም ወደ ዓይን ከገባ ክፉኛ የሚያቃጥል ነው። በዚህም ምክንያት ከብት አይደፍረውም፤ ባላገሩም ከጓሮው ዙሪያ ተክሎ አጥር ያደርገዋል። እንግዲህ የቁልቋሉን ቦታ በቁልቋሉ የጠሩት ከብት አርቢዎች፣ ስም ሲያወጡ መጽሐፍ አላገላበጡም፤ በፊታቸው የቆመውን አይተው ጠሩ እንጂ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኘው በዚህ ደረቅ ሜዳ ዙሪያ ዛሬም በገደሉና በኰረብታው ላይ ቁልቋል አልጠፋም፤ ስሙም ምስክሩን ገና አላጣም።

በተክል ስም አገር መሰየም ደግሞ የአንድ ሕዝብ ልማድ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር አሽተን የሚባሉ መንደሮች በየአውራጃው ይገኛሉ፤ የስማቸው መነሻ አሽ የሚባለው ዛፍ ሲሆን፣ መድረሻው በጥንቱ እንግሊዝኛ የታጠረ የእርሻ ግቢን የሚያመለክት ቃል ነው። የእነዚያ ትንንሽ መንደሮች ዕድል ከእኛ የሚለየው በመዝገብ ነው። ንጉሥ ዊልያም አገሪቱን በጦር ኃይል ከያዘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1086 መሬቱን፣ በሬውንና ወፍጮውን ሁሉ ቈጥሮ በጻፈው ታላቅ መዝገብ ውስጥ የብዙዎቹ መንደሮች ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ከ1538 ጀምሮም በየደብሩ የተጠመቀው፣ ያገባውና የተቀበረው ሰው ስም እንዲጻፍ ታዝዞ ነበር። ስለዚህ ሦስት መቶ ነፍስ የማይሞላበት የእንግሊዝ መንደር እንኳ የስሙን ዕድሜ በብራና ላይ ይቈጥራል። የስምጥ ሸለቆው አርብቶ አደር ግን መዝገቡ አንደበቱ ነበረና፣ የስሙን ታሪክ ለማወቅ ስሙን ራሱን ማንበብ ያስፈልጋል።

ሲነበብም ብዙ ይናገራል። በኦሮሞ ቋንቋ መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ሆራ ከብት ጨውነት ያለው ውኃ የሚጠጣበት ስፍራ ነው፤ ሐራ ወይም ሐሮ ሐይቅና ኩሬ ነው፤ ጋራ ተራራ፣ ቱሉ ኰረብታ፣ ቡርቃ ምንጭ ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አዋሽ መልካሳ መሻገሪያነቷን በስሟ ይዛ ኖራለች። የቢሾፍቱ ስም ቢሻን ከሚለው ቃል፣ ይኸውም ከውኃ ጋር የተዛመደ መሆኑ ይነገራል፤ በእርግጥም ከተማዪቱ በእሳተ ገሞራ ጕድጓዶች ውስጥ በተኙ ሐይቆች የተከበበች ናት። አዲስ አበባ ራሷ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በአበባ ሳይሰይሟት በፊት በፍል ውኃዋ ፊንፊኔ ትባል ነበር። ከበጋ ወደ ክረምት፣ ከደጋ ወደ ቈላ መንጋውን ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው እነዚህ ስሞች ጌጥ አልነበሩም፤ ውኃ የት እንዳለ፣ ወንዙ የት እንደሚሻገር፣ ጨው የት እንደሚገኝ የሚያስታውስ የሕይወት ዕውቀት ነበሩ። ስሙን የረሳ እረኛ መንጋውን በጥም ሊያስፈጅ ይችል ነበርና።

የቁልቋሉ ሜዳ ወደ መንደርነት፣ መንደሩም ወደ ከተማነት የተለወጠው በምድር ባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግና ለጓደኛው የሐዲዱን ሥራ ከፈቀዱ በኋላ፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ፤ ከዚያም በገንዘብ እጦትና በኀያላን መንግሥታት ሽኩቻ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ቆይቶ፣ የአዋሽን ሸለቆ አቋርጦ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መላው መሥመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር በየተወሰነው ርቀት ውኃና ማገዶ ስለሚሻ ጣቢያ ያስፈልገዋል፤ ጣቢያ ካለ ሠራተኛ አለ፤ ሠራተኛ ካለ እንጀራ ሻጭ፣ ጠጅ ጣይ፣ ባለ ሱቅና ልብስ ሰፊ ይከተላል። መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆና ቢሾፍቱ እንደ ዶቃ በአንድ ክር የተሰኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሽመንደፈሩ የመሠረተው ኅብረተሰብ በአንድ ቋንቋ የሚናገር አልነበረም። ከደጋው የወረደው አማራ፣ በዙሪያው የሚኖረው የቱለማ፣ የጅሌና የአርሲ ኦሮሞ፣ ከምሥራቅ የመጣው ሐረሪና ሶማሌ፣ ጨርቅና ቡና የሚነግደው ጉራጌ፣ ስኳርና ሻይ በሚዛን የሚሸጠው የየመን ዐረብ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ጣቢያ ዙሪያ ተሰበሰቡ። የሰፈሮቹ ስም ይህን ኅብር እስከ ዛሬ ይዞታል። ገንደ ጋራ የተራራው መንደር፣ ገንደ ሐራ የኩሬው መንደር ማለት ነው፤ ደካ አዲ ነጭ ድንጋይ ነው፤ ከእነርሱም ጋር ፍራንኮ የሚባል የፈረንጅ ድምፅ ያለው ሰፈር ይገኛል። እነዚህን ስሞች ያወጣ ሹም የለም፤ ውኃ የቀዳች ሴት፣ ሸክም ያወረደ ሰውና ጋሪውን ያቆመ ባለ ጋሪ አወጧቸው።

ስለ ጋሪ ካነሣን ዘንድ፣ የዚህች ከተማ ታሪክ ያለ ፈረስ ጋሪ ሊጻፍ አይችልም። ምድሩ ሜዳ፣ አፈሩ አሸዋማ፣ ፀሐዩ ብርቱ ስለ ሆነ፣ ሁለት ጐማ ያለው፣ ከላዩ ሸራ የተወጠረበት ጋሪ ከጣቢያው እስከ ገበያው፣ ከገበያውም እስከ ሆስፒታሉ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሕዝቡ መጓጓዣ ሆኖ ኖረ። ባለ ጋሪው የእገሌ እናት ቤት የት እንደ ሆነ፣ የማን ዕድር ድንኳን ዛሬ የት እንደ ተተከለ፣ በየትኛው ቤት ጠላ እንደ ተጠነሰሰ ሁሉን ያውቅ ነበር። ኋላ ባጃጁ መጥቶ ጋሪውን ወደ ከተማው ዳርቻ ገፋው፤ የሰፈር ስሞቹ ግን ከባለ ጋሪው አፍ ወደ ባለ ባጃጁ አፍ ሳይቋረጡ ተላለፉ።

የአገር ቤቱ ማኅበራዊ ሥርዓትም ከሰዎቹ ጋር ወደ ጣቢያው ተጓዘ። ዘመድ አዝማዱን በሩቅ የተወ ሰው ሲሞት የሚቀብረው ዕድሩ ነው፤ ስለዚህ በባቡር መንደር የዕድር ነገር ከገጠሩ ይልቅ የጠበቀ ሆነ። በሰንበቴ ጽዋውን የሚያዞሩ፣ በወር በወሩ ዝክር የሚያወጡ፣ በመውሊድ ድቤ የሚመቱ፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ለኢሬቻ እርጥብ ሣር ይዘው ወደ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚወርዱ ሰዎች በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ደግሞ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዓል ለማክበር ወደ ዝቋላ ተራራ የሚወጣው ምእመን ብዙ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የጥጥ መዳመጫ የነበረው ሕንፃ ከነጻነት በኋላ በሜኖናይት ሚሲዮናውያን አማካይነት ሆስፒታል ሆኖ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተጠራ፤ ከመንደሩም አልፎ ከአርሲና ከከረዩ በሽተኛ ይመጣበት ነበር።

ሁለተኛው ስም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው መንግሥታቸውን ካጸኑ በኋላ ከተማዪቱ ናዝሬት ተባለች፤ የየረርና ከረዩ አውራጃም ዋና ከተማ ሆነች። ይህ ስያሜ ብቻውን የቆመ አልነበረም። ቢሾፍቱ በዚያው ዘመን ደብረ ዘይት ተብላለች፤ የቆቃ ግድብ ውኃውን ሲያጠራቅም ሰው ሠራሹ ሐይቅ ገሊላ የሚል ስም ወጣለት። ናዝሬት፣ ገሊላ፣ ደብረ ዘይት! ሦስቱን ስሞች በአንድነት የተመለከተ ሰው፣ የወንጌል ምድር በአዋሽ ዳርቻ ላይ እንደገና መዘርጋቱን ያስተውላል። ጌታ ያደገባት ከተማ፣ ሐዋርያት መረባቸውን የጣሉበት ባሕርና ስለ ዳግም ምጽአት የተነገረበት ተራራ፣ በባቡር ከሁለት ሰዓት መንገድ ብዙ በማይበልጥ ርቀት ውስጥ ተሰበሰቡ።

ይህን አሰያየም ከባዕድ የተቀዳ ወይም የአንድ ንጉሥ ፈቃድ ብቻ አድርጎ ማየት የአገራችንን የቆየ ትውፊት አለማወቅ ይሆናል። ቅዱስ ላሊበላ በሮሐ ከዓለት የፈለፈላቸውን አብያተ ክርስቲያናት የከፈለው ፈሳሽ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታና ቤተ ልሔምም በዚያው ይገኛሉ። ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ለማይቻለው ምእመን ቅድስቲቱን አገር በስሟ ወደ እርሱ ማምጣት ከስምንት መቶ ዓመት የማያንስ ዕድሜ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጥበብ ነው። ስለዚህ ከብት አርቢው ወደ ምድሩ ተመልክቶ እንደ ሰየመ፣ ንጉሡም ወደ መጽሐፉ ተመልክቶ ሰየመ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ሥርዓት የአያቶቻቸውን ልማድ ተከተሉ። ልዩነቱ ያለው አንደኛው ስም ከታች ከሕዝቡ ወደ ላይ መውጣቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ በዐዋጅ ከላይ ወደ ታች መውረዱ ላይ ነው፤ የኋለኛው ዘመን ቅሬታም የተነሣው ከዚህ ልዩነት ነው።

በዚህ ስፍራ ሊቃውንት የሚደሰቱበት አንድ ነገር እናነሣለን። ናዝሬት የሚለውን ስም አንዳንድ የመጻሕፍት መርማሪዎች በዕብራይስጥ ቡቃያ ወይም ለጋ ቅርንጫፍ ከሚለው ቃል ጋር ያዛምዱታል፤ ነገሩ እንደ እነርሱ ከሆነ ቁልቋልን የተካው ስም ራሱ የተክል ስም ነው። አዳማ የሚለውም ድምፅ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ባዕድ አይደለም፤ በኦሪት ዘፍጥረት ከሰዶምና ከገሞራ ጋር ከተቈጠሩት ከተሞች አንዲቱ አዳማ ትባላለች። ይህ የድምፅ መገጣጠም ብቻ ነው፤ የኦሮሞው አዳማ ከዚያች ከተማ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የምድሩ ዝምድና ነው። የዮርዳኖስ ሸለቆ፣ የገሊላ ባሕርና ሙት ባሕር የሚገኙበት ስንጥቅ በቀይ ባሕር በኩል ወርዶ፣ በአፋርና በአዋሽ አልፎ እስከ ሞዛምቢክ እንደሚዘልቅ አድርገው የምድር ተመራማሪዎች ለረጅም ዘመን ሲገልጹት ኖረዋል። ቆቃን ገሊላ ያለው ሰው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን፣ በዚህ አገላለጽ ሁለቱ ገሊላዎች በአንድ ታላቅ የምድር ስንጥቅ ላይ ይገኛሉ።

ሆኖም ስሞቹ በተለወጡባቸው በእነዚያ ዓመታት ከስሙ ይልቅ ምድሩ ራሱ ተለወጠ። በኢንዶኔዥያ ይዞታ የነበረው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ከአዳማ አጠገብ ወንጂ ላይ 5,000 ሄክታር መሬት ተቀበለ፤ የስኳር ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኋላም ወንጂ ሸዋ የተባለው ሁለተኛ ፋብሪካ ተጨመረበት። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ተመርቆ 43 ሜጋ ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ። ለሸንኰራ አገዳው እርሻ የተከለለው ሜዳ የጅሌ ኦሮሞ የበጋ ግጦሽ ነበር፤ ከብት አርቢው ከመሬቱ ሲነቀል የመሻገሪያው፣ የዛፉና የኩሬው ስም አብሮት ተሰደደ።

በምትኩ በወንጂ አዲስ ዐይነት መንደር ተመሠረተ፤ የመንደር ኑሮ ምን እንደ ሆነ ለሚያጠና ሰው ይህ ስፍራ ከፍ ያለ ትምህርት ይሰጣል። ቤቱን የሠራው፣ ውኃውን የሳበው፣ ክሊኒኩንና ትምህርት ቤቱን ያቆመው ኩባንያው ነው፤ የቀኑንም ሰዓት የሚከፋፍለው የፋብሪካው ጥሩምባ ነበር። ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ አገዳ ለመቍረጥ የመጡት ወጣቶች በየካምፑ ሰፈሩ፤ ለአንድ ወቅት ብለው መጥተው ልጅና የልጅ ልጅ ያዩ ብዙ ናቸው። አገዳው ከመቈረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲራገፍ በእሳት ይለቀቃል፤ ነፋሱም የተቃጠለውን ቅጠል እንደ ጥቁር ላባ አንሥቶ በመንደሩ ላይ ሲበትነው፣ እናቶች ለስጥ ያወጡትን በርበሬና በገመድ ላይ ያሰጡትን ነጠላ እየተሯሯጡ ያስገባሉ። ማታ ቆንጨራውን ከትከሻው ያወረደው ሠራተኛ ፊቱ ጠቍሮ፣ እጁ በአገዳ ጭማቂ ተጣብቆ ይመለሳል፤ ታጥቦም ወደ ዕድር ስብሰባ ይሄዳል። በካምፑ ከምባትኛ፣ ሐዲይኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ የሚናገሩ ልጆች በአንድ ሜዳ ኳስ እየተጫወቱ አደጉ፤ አገራቸውን ሲጠየቁም የአባታቸውን ትውልድ ቦታ ትተው «የወንጂ ልጆች ነን» ይላሉ።

ስምጥ ሸለቆው ግን ለነዋሪዎቹ ከስም ሌላ ምልክት ሰጥቷቸዋል። የእሳተ ገሞራው ምድር በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ብዙ ፍሎራይድ ይለቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የወሰነው ይህ ንጥረ ነገር በወንጂ ጕድጓዶች ከወሰኑ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ በእነዚያ መንደሮች ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፤ ለብዙ ዘመን ጕድጓዱን ሲጠጡ የኖሩት ሠራተኞች ደግሞ ዐጥንታቸው ተቈራኝቶ ወገባቸውን ማጠፍ እስኪሳናቸው ደርሰዋል። ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ነገሩን ከመረመሩ በኋላ የውኃ ማጣሪያ ተተከለ። እንግዲህ ሰው ለቦታ ስም እንደሚሰጥ ሁሉ ቦታም በሰው አካል ላይ የራሱን ማኅተም ያትማል። ወንጂ ራሷም በዓለም ሊቃውንት ዘንድ በስኳሯ ብቻ አልታወቀችም፤ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የሚታየውን የስንጥቆችና የእሳተ ገሞራዎች መቀነት የምድር ተመራማሪዎች በእርሷ ስም ጠርተውታል።

ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ የመንግሥት ሀብት ሆኑ፤ የቦታ ስሞቹ ግን ለጊዜው እንዳሉ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከተማዪቱ በይፋ ወደ አዳማ ስሟ ተመለሰች፤ በዚያ ዘመን ገደማ ደብረ ዘይትም ቢሾፍቱ ተባለች። በዚያው ጊዜ የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር መወሰኑ ብርቱ ክርክርና ተቃውሞ አስነሣ፤ በ1997 ዓ.ም. መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተደረገ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የከተማዪቱ ነዋሪ 220,212 ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈጣኑ መንገድ አዳማ ደረሰ፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በአዳማ በኩል አለፈ፤ በኰረብቶቿም ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት ኀይል ያላቸው የነፋስ ማመንጫዎች ተተከሉ።

የስሙ መመለስ ለብዙዎች የፍትሕ ጉዳይ ነበር፤ የአያቶቹን ቋንቋ በአደባባይ ተጽፎ ያየ ሰው የሚሰማውን ክብር ማንም ሊያቃልለው አይገባም። በናዝሬት የተጠመቀ፣ በናዝሬት ጣቢያ የተሰናበተ፣ በናዝሬት ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ ሰውም ያንን ስም በአፉ ይዞ መኖሩ ጥፋት አይሆንበትም። ዐዋጅ በደብዳቤና በሰሌዳ ላይ ሥልጣን አለው፤ በትዝታና በፍቅር ላይ ግን ሥልጣን የለውም። ይህ ለመጀመሪያው ዐዋጅም ለሁለተኛውም እኩል የሚሠራ ሕግ ነው። በናዝሬት ዘመን አዳማ ከገጠሩ አፍ አልጠፋችም፤ በአዳማ ዘመንም ናዝሬት ከአውቶቡስ ተራ አልጠፋችም።

ዐዋጅ ያላወጣው ስም እንዴት እንደሚጸና ለማየት ወደ ሻሸመኔ መውረድ በቂ ነው። የከተማዪቱ ስም ሻሼ የምትባል እንግዳ ተቀባይ ሴት ከነበራት ቤት እንደ ተገኘ በአፈ ታሪክ ይነገራል፤ መና በኦሮምኛ ቤት ነውና። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1948 በባሕር ማዶ ለሚኖሩ የአፍሪካ ተወላጆች በዚያው አቅራቢያ 200 ሄክታር ያህል መሬት ሲሰጡ፣ ከካሪብያን ደሴቶች የመጡ ሰዎች ሰፈሩበት፤ ጎረቤቶቻቸውም ሰፈሩን ጃማይካ አሉት። ይህን ስም የመከረ ምክር ቤትም፣ ያተመ ጋዜጣም የለም፤ ዛሬ ግን ከሻሸመኔ ሰው መካከል ጃማይካ ሰፈር የት እንደ ሆነ የማያሳይ አይገኝም።

በእኔ አስተያየት በአዳማና በናዝሬት ክርክር ውስጥ የተዘነጋው ጉዳት ከሁለቱ ስሞች በአንዱም ላይ የደረሰ አይደለም። ሁለቱም ጠበቃ አላቸው፤ ሁለቱም ተጽፈዋል፤ ሁለቱም አይጠፉም። የሚጠፉት ጠበቃ የሌላቸው ትንንሾቹ ናቸው፤ በአገዳው እርሻ ሥር የቀረው ኩሬ፣ በቆቃ ውኃ የተዋጠው መልካ፣ በአዲስ ሕንፃ የተሸፈነው ምንጭ፣ በቍጥር ብቻ መጠራት የጀመረው ሰፈር። መሻገሪያውን ያለ ስም የማይተወው ከብት አርቢ በእነዚያ ሜዳዎች ላይ ስንት ስም እንደ ነበረው መገመት አይከብድም፤ ያን ሁሉ በልጅነቱ ከአባቱ አፍ የሰማው ሽማግሌ ግን በየዓመቱ እየተቀበረ ነው።

ለዚህ የሚሆን አብነት አለ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1923 የቦታ ስሞችን የሚያጠና አንድ ማኅበር ተቋቍሞ፣ የእያንዳንዱን አውራጃ ከተማ፣ መንደር፣ ወንዝና የእርሻ ማሳ ሳይቀር ስሙን ከየመዝገቡ እየለቀመ በተከታታይ ጥራዞች ማሳተም ጀመረ፤ መቶ ዓመት አልፎት ሥራው ገና አላለቀም። ያን ያህል መዝገብ ያለው ሕዝብ መቶ ዓመት ካልበቃው፣ መዝገቡ በሽማግሌዎች አንደበት ላይ ያለ ሕዝብ የሚዘገይበት ምክንያት የለውም። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ በአዳማ፣ በወንጂ፣ በሞጆ፣ በመቂና በመተሐራ ያሉ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሰፈራቸውን ምንጭ፣ ጋራና መሻገሪያ ስም ከአያቶቻቸው ጠይቀው በኦሮምኛም በአማርኛም እንዲጽፉ ቢያዝዙ፣ የዕድርና የሰበካ ጉባኤ ጸሓፊዎችም የድሮ መዝገቦቻቸውን ከፍተው የሰፈሮቹን ስም ቢገለብጡ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ የተሰበሰበውን መርምረው ከካርታ ጋር ቢያስተባብሩት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትልቅ መጽሐፍ ይወጣል። ያ መጽሐፍ ሲታተም አዳማም ናዝሬትም በየፊደል ተራቸው ይገቡበታል፤ አብዛኛውን ገጽ የሚይዙት ግን እስከ ዛሬ በየትኛውም ዐዋጅ ላይ ተጽፈው የማያውቁት ስሞች መሆን አለባቸው።